አንድ አተር፣ ሁለት ክክ

ባለፈው ጥቅምት አንድ አጭር ትዝታ ከእንግሊዝኛ ስተረጉም ሰነበትኩ። ጸሐፊው ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ የሚያወራው ደግሞ ስለ አንድ የሥራ ባልደረባው። ሁለቱም ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣሉ፤ ሁለቱም ጋዜጣ ከመጨረሻው ገጽ ጀምረው ወደ ፊት ያነባሉ፤ ሁለቱም ሲናደዱ ድምፃቸው ይጠፋል። ከታሪኩ መሐል ላይ የሰውዬው ሚስት ብቅ ትልና ሁለቱ እግራቸውን አጣጥፈው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ስታያቸው አንድ ነገር ትላለች። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሁለት ነገር ሲመሳሰልባቸው ሳያስቡት ከአፋቸው የሚወጣው አባባል ነው፤ "በአንድ ቅርፊት ውስጥ እንዳሉ ሁለት አተሮች ናችሁ" እንደማለት። እኔም እንዳለ አማርኛ አልብሼው አለፍኩ። ረቂቁ ከአርታዒዋ ሲመለስ ያቺ ዓረፍተ ነገር በቀይ ተከባለች። ዳር ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ "አተር ቢሆኑስ ምን ይሁን?"

ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ እኔ ግን ተናደድኩ።

ንዴቱ ሲበርድልኝ ዓረፍተ ነገሩን ደግሜ አነበብኩት። አማርኛ አልነበረም። ፊደሉ የእኛ ነው፣ ቃላቱ የእኛ ናቸው፣ አተሩም ከእኛ ማጀት አይጠፋም፤ ነገር ግን እንግሊዛዊቱ ሚስት ፈገግ ብላ የተናገረችው ቃል እኔ ዘንድ ሲደርስ የግብርና መምሪያ ሆኖ ቁጭ ብሏል። በዚያ ላይ "ቅርፊት" ራሱ አይጥምም። ለበርበሬ ዛላ አለን፣ ለወይን ዘለላ አለን፣ ለነጭ ሽንኩርት ራስ አለን፤ አተር ተሰልፎ የሚያድርበትን ያንን አረንጓዴ ቤት ግን ከተማ ተወልዶ ከተማ ያደገው እኔ ከቅርፊት የተሻለ ስም አላገኘሁለትም።

እሑድ እናቴ ቤት ስሄድ ሰፌድ ከፊቷ አድርጋ እሸት አተር ትፈለፍላለች። መስከረምና ጥቅምት የእሸት ወር ነው፤ ጉሊቱ ሁሉ ባቄላና አተር በእስር በእስር ይደረደርበታል። አጠገቧ ተቀምጬ አንዱን በአውራ ጣቴ ሰነጠቅሁና ሰባት ፍሬ የተደረደረበትን አሳየኋት። "እማዬ፣ እስቲ እነዚህን እያቸው፤ አይመሳሰሉም?" አልኳት። መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ዝቅ አድርጋ አየቻቸውና ከእጄ ነጠቀችኝ።

"የቱ ነው የሚመሳሰለው? ይቺን እያት፤ ጫፍ ላይ ያለችው ጥጋብ አላየችም። ይቺኛዋን ትል ቀምሷታል። መሐል ያሉት ሆዳሞቹ ናቸው፤ ተገፋፍተው ጎናቸው ጠፍጥፏል። ይቺ ደግሞ ጭራሽ አልሞላችም።" እያንዳንዷን በጥፍሯ እየነካች ቆጠረችልኝ። አባባሉን ስነግራት ሳቀች። "ማኅፀን ዥንጉርጉር ነው ሲባል አልሰማህም? እንግሊዞችህ አተር ፈልፍለው አያውቁም እንዴ?"

እዚህ ላይ እናቴን ማረም ነበረብኝ፤ እንግሊዞች አተር ፈልፍለው ያውቃሉ። ይሁንና አባባሉ ሲወለድ ቅርፊቱ አልነበረበትም። ከጥንት ምስክሮቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1580 የወጣው የእንግሊዛዊው ደራሲ የጆን ሊሊ ሥራ ነው፤ እዚያ ላይ ሁለት መንትዮች "አንዱ አተር ሌላውን አተር እንደሚመስል" ይመሳሰላሉ ተብሎ ተጽፏል። ቅርፊት የለም፣ ጥንድ የለም። የዚያ ዘመን ሰው የሚያውቀው አተር በአብዛኛው ደረቁን ነው፤ ጎተራ ገብቶ ክረምቱን ሙሉ ተቀቅሎ የሚበላውን፣ የድኻውን ገንፎ። ከከረጢት አንድ እፍኝ ደረቅ አተር ዝገኑና እዩት፤ እውነትም አንዱን ከሌላው መለየት የሚፈልግ ሰው ሥራ የፈታ መሆን አለበት። እሸቱን በአረንጓዴነቱ መብላት የቤተ መንግሥት ቅብጠት ሆኖ የገነነው በኋላ ነው፤ በፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ዘመን ከጄኖቫ የመጣ እሸት አተር እ.ኤ.አ. በ1660 ጥር ላይ ለንጉሡ ቀርቦ ጉድ አሰኝቷል፤ በ1696 የንጉሡ ሁለተኛ ሚስት ማዳም ደ ማንትኖ በጻፈችው ደብዳቤ ደግሞ የቤተ መንግሥቱ ሰው አተር ለመብላት መጓጓቱን፣ መብላቱንና እንደገና መመኘቱን እንጂ ሌላ ወሬ እንደሌለው ትተርካለች። ሁለቱን አተሮች ቅርፊት ውስጥ አስገብቶ ጎን ለጎን ያስተኛቸው ከሊሊ በኋላ የመጣ ሰው ነው። በእኔ ግምት አባባሉ ልብ የሚነካ የሆነው ያኔ ነው። ከከረጢት የወጡ ሁለት አተሮች ይመሳሰላሉ እንጂ አይተዋወቁም፤ በአንድ ቅርፊት ያደጉት ግን ቤተሰብ ናቸው። ለዚህ ነው ዛሬ እንግሊዞቹ አባባሉን መልክ ለሚመሳሰሉ ብቻ ሳይሆን ጠባያቸው ለገጠመ ባልና ሚስት፣ አብረው ለሚያረጁ ጓደኛሞች፣ ለእናትና ለልጅ ጭምር የሚሉት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር፤ ከጉዳዩ ትንሽ ቢወጣም አያስቀየምም። በሊሊ ዘመን "ፒዝ" የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የአንድ አተርም ስም ነበረ። መጨረሻው ላይ ያለችው ድምፅ ግን የብዙ ቁጥር ምልክታቸውን ትመስላለችና ሕዝቡ ብዙ መስሎት ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ጭራዋን ቆርጦ "ፒ" የሚል ነጠላ አተር ፈጠረ። ቃሉ ራሱ በመመሳሰል ስህተት ተቆረጠ ማለት ነው። ለመሳቅ አልቸኩልም፤ እኛም ከዚያው ነን። "መጻሕፍት" ብዙ መሆኑ ይጠፋንና "መጻሕፍቶች" እንላለን፤ "ሊቃውንቶች"፣ "ቅዱሳኖች" እያልን በግዕዙ ብዙ ላይ የአማርኛውን ብዙ እንደርባለን። እነሱ ያልነበረውን ቆረጡ፣ እኛ የነበረውን ደገምን።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። አርታዒዋ የፈለገችው አማርኛ ነው፤ እኔም አማርኛ ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ "ቁርጥ" ነው። "ቁርጥ አባቱን!" ስንል ግሥ እንኳን አንጨምርም፤ መሰለ ማለት አያስፈልግም፤ ቃሉ ከአባቱ ሥጋ ተቆርጦ የመጣ እስኪመስል ድረስ ራሱን ችሎ ይቆማል። ቀጥሎ "ቁጭ" አለ፤ "አባቱን ቁጭ!" ይህኛውን ይበልጥ እወደዋለሁ። ሟቹ አባት ተነሥቶ በልጁ ፊት ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል። ለቅሶ ቤት አንድ ጎረምሳ ሲገባ አሮጊቶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው "ውይ! አባቱን ቁጭ!" ሲሉ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ልጁም ያን ቃል ሲሰማ ነው እንባው የሚመጣው። "የአባቱ ግልባጭ"ም አለ፤ ይህ ግን የጽሕፈት ቤት ሽታ አለበት።

ችግሩ እነዚህ ሁሉ ከላይ ወደ ታች የሚፈሱ መሆናቸው ነው። ልጅ አባቱን፣ የልጅ ልጅ አያቱን፣ የወንድም ልጅ አጎቱን ይመስላል። የእኔ ሁለት ባቡር ነጂዎች ግን ጎን ለጎን የተቀመጡ ናቸው፤ ማንም ማንንም አልወለደም። ጎን ለጎን ለሚመሳሰሉ ሰዎች አማርኛ ምን አዘጋጅቷል ብዬ ስቆፍር ያገኘሁት አስደነገጠኝ። "ግም ለግም አብረህ አዝግም።" "ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ።" "ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል።" "ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች።" "አህያ ለአህያ ቢራገጡ ጥርስ አይሳበሩም።" አህያው፣ ዝንጀሮው፣ ግማቱ፣ ፈሱ ሁሉ እዚህ ተሰብስቧል። ልጅ ወላጁን ሲመስል እናለቅሳለን፤ ሁለት ጓደኛሞች ሲመሳሰሉ ደግሞ አፍንጫችንን እንይዛለን። በረንዳ ላይ ያለችዋን ደግ ሴትዮ "ግም ለግም" ባሰኛት ኖሮ ሥራውን የምነጠቅ ይመስለኛል።

በእርግጥ "ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል" የሚል ደግ አባባል አለን። ግን እሱ የትዳር ነው፤ ጓደኛሞች ላይ ቢውል ሌላ ነገር ያስመስላል። "እጅና ጓንት" የሚሉም ይኖራሉ። ጓንት ከመቼ ወዲህ ነው የእኛ የሆነው? ደግሞም እጅና ጓንት ይስማማሉ እንጂ አይመሳሰሉም። "መንታ ይመስላሉ" ማለት ይቻላል፤ ያም ልክ ነው፤ ግን አባባል ሳይሆን መረጃ ነው።

መንታ ካልኩ አይቀር፣ ከእኔ በታች ያሉት ሁለት እኅቶቼ መንታ ናቸው፤ ያውም ቁርጥ አንድ ዓይነት የሆኑት። ቤታችን ውስጥ ስማቸው ከመጠራቱ በፊት "ፊተኛዋ"ና "ኋለኛዋ" ይባሉ ነበር፤ በመካከላቸው ያለው ሃያ ደቂቃ ነው። አባቴ ነፍሱን ይማረውና አንድም ቀን ለይቷቸው አያውቅም። አንዷን ጠርቶ ሌላዋ ስትመጣ "ነይ እንግዲህ፣ አንቺም ያው ነሽ" ብሎ ውኃውን ይቀበላት ነበር። እናቴ ግን ከሳሎን ሆና በኮሪደሩ የምታልፈውን በእግሯ ኮቴ ትለያታለች። እንዴት እንደምትለያቸው ጠይቄያት አስረድታኝ አታውቅም፤ "ይለያያላኮ!" ብቻ ነው መልሷ፤ እኔ ማየት የተሳነኝ ይመስል።

ይህን ጉዳይ ሮማዊው ሲሴሮ ክርስቶስ ከመወለዱ በፊት አንሥቶታል። በእሱ ዘመን የመመሳሰል ምሳሌ አተር ሳይሆን እንቁላል ነበረ፤ ጀርመኖች ዛሬም እንቁላሉን አልተዉትም፤ ፈረንሳዮች ሁለት ጠብታ ውኃ ይላሉ፤ ጎረቤቶቻችን ኪስዋሂሊ ተናጋሪዎች ደግሞ ገንዘባቸውን አውጥተው አንዱ ሽልንግ ሌላውን ሽልንግ እንደሚመስል ይላሉ፤ ይህኛው የማያከራክር ነው፤ ማተሚያ ማሽን አይዋሽም። ሲሴሮ በጻፈው ክርክር ውስጥ አንዱ ተናጋሪ እንዲህ ይላል፦ እንቁላል መመሳሰሉ ተረት እስከ መሆን ደርሷል፤ ነገር ግን በዴሎስ ደሴት በደጉ ዘመን ዶሮ እያረቡ የሚተዳደሩ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱም እንቁላሉን አየት አድርገው የትኛዋ ዶሮ እንደጣለችው ይናገሩ ነበር። ከዚያው ሳይርቅ ስለ መንታ ያነሣል፤ እናት መንታ ልጆቿን በዓይን ልማድ ትለያለች፤ አንተም ብትለምድ ትለያለህ ይላል። የዓይን ልማድ! እናቴ "ይለያያላኮ" ስትል ማለት የፈለገችው ይህንኑ ነው። መመሳሰል ከነገሩ ላይ ያለውን ያህል ከሚያየው ሰው ርቀት ላይም አለ። አባቴ ሩቅ ሰው አልነበረም፤ ልጆቹን ይወዳቸዋል፤ ግን ማለዳ ወጥቶ ማታ ይገባ ነበር። ጡት ያጠባ፣ ጸጉር የጎነጎነ፣ ትኩሳት የለካ ዓይን ሌላ ነው።

ወደ አተሩ ስንመለስ ግን እናቴ ልክ የነበረችው በግማሽ ነው። የሆድ ነገርና የትል ነገር ከሆነ ልክ ናት። ዘሩ ከሆነ ግን ነገሩ ይጠመዘዛል፤ አተርን በዚህ ጉዳይ ከማንም በላይ የጠየቀው ሰው ደግሞ መነኩሴ ነው። ግሬጎር ሜንዴል፣ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምትባለው አገር በብርኖ ከተማ በአውግስጢኖሳውያን ገዳም ይኖር የነበረ፣ እ.ኤ.አ. ከ1856 ጀምሮ ስምንት ዓመት ያህል በገዳሙ ጓሮ አተር ሲያዳቅል ኖረ። ቢጫ ፍሬ ያለውን ከአረንጓዴው፣ ድቡልቡሉን ከተጨማደደው እያገናኘ ፍሬ ቆጠረ። አንዱ ቆጠራው 8,023 ፍሬ ነው፤ 6,022ቱ ቢጫ፣ 2,001ዱ አረንጓዴ ሆኑ። ሌላው 7,324 ነው፤ 5,474ቱ ድቡልቡል፣ 1,850ው የተጨማደደ። ከሁሉ ይበልጥ የገረመኝ ግን ቅርፊቱን መዝግቦ መያዙ ነው። በደንብ ያደገ ቅርፊት ከስድስት እስከ ዘጠኝ ፍሬ ይይዛል፣ ብዙ ጊዜ ሁሉም ቢጫ ሆነው ይገኛሉ፣ አረንጓዴዎቹ ግን በአንድ ቅርፊት ከአምስት በልጠው ታይተው አያውቁም ብሎ ጽፏል። በአንድ ቤት ውስጥ፣ በየራሳቸው እትብት ተንጠልጥለው፣ ጎን ለጎን፣ አንዱ ቢጫ ሌላው አረንጓዴ። ማኅፀን ዥንጉርጉር ነው ማለት ይህ ነው። ምክንያቱም እያንዳንዱ ፍሬ የየራሱ ዕንቁላል አለው፤ የየራሱ የአበባ ብናኝ ያገኘዋል። አንድ ቅርፊት ውስጥ ያሉ አተሮች እንደ መንታ ሳይሆን እንደ እኔና እንደ እኅቶቼ ናቸው፤ ወንድማማች እንጂ አንድ አይደሉም።

እዚህ ላይ አቁሜ እንግሊዞቹን ተሳስታችኋል ብል ደስ ባለኝ። አይቻልም። ሜንዴል ዥንጉርጉር ቅርፊት ያገኘው እራሱ በመቆንጠጫ ጣልቃ ገብቶ፣ ያልተፈቃቀዱትን ስላጋባ ነው። አተር በተፈጥሮው እንዲህ አያደርግም። አበባው ሳይፈነዳ ውስጥ ለውስጥ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ከጎረቤት የሚፈልገው ነገር የለም። ራሱን ያገባ ዘር ደግሞ በውስጡ የያዘው ልዩነት በየትውልዱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከአሥር ትውልድ በኋላ የሚቀረው ከሺህ አንድ እጅ ያህል ነው። ስለዚህ አንድ እንግሊዛዊ አትክልተኛ ከአያቱ የወረሰውን አተር ጓሮው ዘርቶ ቅርፊቱን ቢሰነጥቅ፣ ውስጡ ያሉት በዘራቸው እውነትም አንድ ናቸው። የሚለያቸው ቦታና ምግብ ነው፤ ያው እናቴ እንዳለችው፣ ጥጋብ ማየትና አለማየት።

ታዲያ እኛ ለምን ዥንጉርጉር አልን? መልሱን ያገኘሁት እዚያው ከእናቴ ጋር ተቀምጠን ነው። የአክስቴን ልጅ ሠርግ አንሥታ "ሰባት ቤት ቆጥረው ነው የሰጧት" አለችኝ። ሰባት ቤት! በእኛ ዘንድ ሊጋባ ያሰበ ሰው የአባቱንና የእናቱን ወገን እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጥራል፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅማት እያሉ ይወርዳሉ፤ አንድ ስም ከሁለቱም ወገን ብቅ ካለ ጋብቻው ይቀራል። አተር ከራሱ ቤት የማይወጣ ሙሽራ ነው፤ እኛ ደግሞ ሰባት ቤት ርቀን የምንሄድ። ከሩቅ የመጡ ሁለት ሰዎች የወለዷቸው ልጆች እንዴት አንድ ዓይነት ይሆናሉ? አንዱ ጠይም፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቀልደኛ፣ አንዱ ዝምተኛ ሆነው ቢወጡ ማን ይገረማል? አባባሉ የተወለደው ከዚህ ነው ብዬ አልከራከርም። ግን እያንዳንዱ ሕዝብ ስለ ልጆቹ ሲናገር ጋብቻውንም እየተናገረ ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ አተር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሩሲያው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ደጋውን ዞሮ ዘር ሲሰበስብ፣ ይህች አገር ከዓለም የሰብል መገኛዎች አንዷ ናት ብሎ ነው የተመለሰው። በሰሜኑ፣ በትግራይና በወሎ ደጋ፣ ከተለመደው አተር የተለየች ትንሽዬ አተር አለች፤ በትግርኛ ደቆቆ ይሏታል፣ በአማርኛ ያገሬ አተር። ያገሬ! እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣ ሰው አተር ሁሉ አንድ ነው አይልም።

መፍትሔው የመጣው ከማላስበው ቦታ ነው። ኋለኛዋ እኅቴ ዱባይ ትኖራለች። በቪዲዮ ስትደውል የአተሩን ነገር አነሣሁላት፤ ትርጉሙ ከእጄ እስኪወጣ ድረስ ላገኘሁት ሁሉ ስለማወራው። ሳቋን ለቀቀችው። አብራት የምትሠራ አንዲት ግብፃዊት የሁለቱን ፎቶግራፍ ስልኳ ላይ አይታ ምን እንዳለች ነገረችኝ፦ "ለሁለት የተከፈለች አንዲት ባቄላ!" ግብፆች ዘወትር የሚሉት ነው አለችኝ፤ ተመሳሳይ ሰው ባዩ ቁጥር። ሁለት ባቄላ አላሉም፤ አንዲት ባቄላ፣ ለሁለት የተከፈለች።

ስልኩን ዘግቼ ማጀት ገባሁና የእናቴን የክክ ዕቃ ከፈትኩ። እንግሊዛዊ አተርን ሙሉውን ያውቀዋል፤ እኛ ግን አተርን በአብዛኛው የምናውቀው ተከፍሎ ነው። ተለቅሞ፣ ታምሶ፣ ተከክቶ፣ በሰፌድ ተበጥሮ፣ ገለባው በንፋስ ሄዶ፣ ከአንዷ ፍሬ ሁለት ክክ ይወጣል። አንዱን በጣቴ አንሥቼ አየሁት። አንድ ወገኑ ጎበጥ ያለ፣ ሌላው ዝርግ። ዝርጉ ፊቱን ወደ ሌላኛው ግማሽ አድርጎ ነው ያደገው። ሜንዴል ቢጫ አረንጓዴ እያለ ሲቆጥር ያየው ቀለም የእነዚህ የሁለቱ ክኮች ቀለም ነው፤ የአንድ ፅንስ ሁለት ቅጠሎች ናቸውና አንዱ ቢጫ ሌላው አረንጓዴ ሊሆን አይችልም። እኅቶቼም እንዲሁ ናቸው፤ አንዲት ዕንቁላል ናት ለሁለት የተከፈለችው። ቅርፊቱ ወንድማማቾችን ይሰጣል፤ መንታ የሚሰጠው ክኩ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን የአተር ክክ አልጫ ስንበላ ምሳሌው ሳህናችን ላይ ነበር፤ ማንም አላነሣውም።

ለባቡር ነጂው ሚስት ይህንን ሰጠኋት። "አንድ አተር፣ ሁለት ክክ!" ብላ ሣቀችባቸው ብዬ ጻፍኩ። አርታዒዋ ደወለችልኝ። "ይህ የየት አገር አባባል ነው? የወሎ ነው?" አለችኝ። ዝም አልኩ። "ጎጃም ሰምቼዋለሁ መሰለኝ" ብላ ራሷ ጨመረች፤ እኔም አላረምኳትም። ጥፋት ከሆነ ጥፋቴ ነው። አንድ ቃል ከአሮጌ ቤተሰብ የመጣ ካስመሰለ፣ ለምን ብዬ ነው ዲቃላ ነው የምለው?

ያኔ እናቴ ቤት የነበርኩ ጊዜ ያላወራሁት ነገር ቀርቷል። ግድግዳዋ ላይ የእኅቶቼ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ የአራት ዓመት ልጆች ናቸው፤ አንድ ዓይነት ቀሚስ፣ አንድ ዓይነት ሹሩባ፣ ከፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት እጅ ለእጅ ተያይዘው። እኅቶቼ ራሳቸው በዚህ ፎቶ ላይ የትኛዋ ማን እንደሆነች አያውቁም። ፊተኛዋ በግራ ያለሁት እኔ ነኝ ትላለች፤ ኋለኛዋም በግራ ያለሁት እኔ ነኝ ትላለች፤ በግራ ያለችው ፈገግ ብላለችና ሁለቱም ፈገግ ያለችውን መሆን ይፈልጋሉ። ያን ዕለት ኋለኛዋ በቪዲዮ እያየችን ስለነበር ነገሩ እንደገና ተነሣና ዳኝነቱ ወደ እናቴ ሄደ። እናቴ ቀና ብላ እንኳን በቅጡ አላየችውም። "በግራ ያለችው ፊተኛዋ ናት። ይሄ ምን ያጠያይቃል? የጫማዋን ማሰሪያ እዩት፤ እሷ ጫማ አስራ አታውቅም" አለችና አተሯን መፈልፈል ቀጠለች። ከዱባይ ወገን ተቃውሞ ተሰማ፤ እናቴ አልሰማችም ወይም እንዳልሰማች ሆነች።

ምሽት ላይ እሷ ለጸሎት ስትገባ ፎቶውን ከምስማሩ አወረድኩት። አቧራውን ልጠርግ ነበር ሐሳቤ። ጀርባውን ሳገላብጠው በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በዚያ ተዘንብሎ በሚሄደው በአባቴ እጅ ጽሕፈት፣ የሁለቱም ስም ከነቀኑ ተጽፎበታል። በግራ በኩል የተጻፈው የኋለኛዋ ስም ነው።

መልሼ ሰቀልኩት።